የአላቢዋ ዝንቦች

ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት «አላቢ ነኝ» ትላለች። ስንት ላም አለሽ ሲሏት፣ ላም የለኝም፣ የማልበው ጢንዚዛ ነው ትላለች፤ ጠያቂው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነት ነው። በተባይ ምርምር ተቋሙ ሕንፃ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት የውስጠኛው ክፍል ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ የጢንዚዛና የሺ እግር ወገብ በወረንጦ ቆንጠጥ ታደርጋለች። ፍጥረቱ ደንግጦ የሚረጨውን መርዝ በቁራጭ ወረቀት ትቀበልና በትንንሽ ጠርሙስ ታሽገዋለች። ጠርሙሱ ወደ ላይ ፎቅ ይወጣል፤ እዚያ ያሉት የተማሩት የሚያደርጉትን ያድርጉበት፣ የእሷ ሥራ እዚህ ያልቃል። ግቢው በሙሉ «አላቢዋ» ይላታል። ስሟን የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው።

ሙያውን ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። ጋሼ በዚያች ክፍል ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የሕንፃው ቁልፍ ሁሉ ከወገባቸው ቀለበት ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ ሲንሿሹ ይሰማሉ። ከኋላቸው «አባ ቁልፍ» የሚላቸው ብዙ ነው፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይደፍርም። መጀመሪያ ቀን አንዲት ሺ እግር መዳፏ ላይ አስቀምጠው፣ «ጥርስ የላት፣ ጥፍር የላት፣ ያን ሁሉ እግር ተሸክማ መሮጥ አትችል። ታዲያ ምን ታድርግ? ራሷን ታመርራለች» አሏት። ሺ እግሯ በየጎኗ ትንንሽ ጓዳዎች አሏት፤ ባንደኛው አንድ ነገር፣ በሌላው ሌላ ነገር አስቀምጣለች። ስትደነግጥ ሁለቱን ታገናኛቸዋለች፤ ያኔ ትንፋሽ የሚያሳጣ ጋዝ ይወጣል። አንዴ የላሳት እንቁራሪት ሁለተኛ አይለምደውም። ተኳሿ ጢንዚዛ ደግሞ ለጓዳ ትዕግሥት የላትም፤ የፈላ ነገር ከኋላዋ ጧ! አድርጋ ለቃ ጣት ታቃጥላለች።

አንዲት ሺ እግር ሰውን ምንም አታደርግም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ መቶዎቹ ባንድ ጊዜ ከደነገጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጋዙ አይታይም፤ ምልክቱ ሽታው ነው፣ የኮክ ፍሬ ሲሰበር ውስጡ የሚሸተው ዓይነት። ስለዚህ የክፍሏ ሕግ አንድ ነው፦ ሣጥን ከመክፈትሽ በፊት አሽትቺ፤ ኮክ ከሸተተሽ ሁሉን ትተሽ ውጪ። በየስድስት ወሩም የአፍንጫ ፈተና አለ። ጋሼ ሦስት ጠርሙስ ያቀርባሉ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ኮምጣጤ፣ አንዱ የሺ እግር። ለይቶ ያልተናገረ ሰው ወደዚያች ክፍል አይገባም።

ታዲያ ከሰባት ወር በፊት ጉንፋን መጣና አላቢዋን አልጋ ላይ ጣላት። በሳምንቱ ሄደ፤ ሲሄድ ግን አፍንጫዋን ይዞባት ሄደ። ሳሙና አይሸታት፣ ጭስ አይሸታት፣ የገዛ ላቧ አይሸታት። ይመለሳል ብላ ጠበቀች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ወይ ፍንክች!

መናገር ነበረባት፤ እሷም ታውቀዋለች። ግን ከእሷ በፊት የነበረው አላቢ ተናግሮ ምን እንዳገኘ በዓይኗ አይታለች። አፍንጫዬ ከዳኝ ባለ በወሩ፣ ሌላ የሥራ ቦታ የለም ተብሎ ፍራሹንና ድስቱን በጋሪ ጭኖ ወጣ። የግቢው ቤት ለሠራተኛ ነዋ የሚሰጠው። የእሷ ቤት ከአጥሩ ሥር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ናት። ደረጃ የላትም፤ ግማሽ ጎኗ የማይታዘዛት እናቷ በዊልቸር ወጥታ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር ትጨዋወታለች። እንዲህ ያለ ቤት ሌላ የት ይገኛል? ሥራው የቀረ ዕለት እናቷን አዝላ ስንተኛ ፎቅ ልትወጣ ነው? ይህን እያሰላሰለች፣ መቶ እርምጃ በማይሞላ መንገድ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ትመላለሳለች። ከግቢው በር ሳትወጣ ሳምንት ያልፋል። አንዳንዴ አየሩ ራሱ ያንሳታል።

እናቷ ነገሩን ያወቀችው በሽንኩርት ነው። ልጅቷ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሽንኩርቱ ከሰል እስኪሆን ዝም ስትል አየች። ያን ዕለት ድስቱን አውርጂ ብቻ አለቻት። በማግሥቱ ግን ጠርታ፣ ለራስሽ ስትዪ ተናገሪ፣ ለእኔ ብለሽ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትቀሪ አለቻት። አላቢዋ «ዝም አይነቅዝም እማዬ» ብላ አለፈቻት። ተረቱን ያወጣው ሰው እሷን ሳያይ ነው ያወጣው፤ የእሷ ዝምታ ውስጥ ውስጡን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

የመጀመሪያውን ፈተና ያለፈችው በማጭበርበር ነው። ጋሼ ሁለቱን ጠርሙሶች ወደ አፍንጫዋ ሲያቀርቡ፣ ሦስተኛውን ክንዳቸውን ዘርግተው ከራሳቸው አርቀው እንደያዙት አየችና «ይሄ ሺ እግር ነው» አለች። ኮምጣጤውን ደግሞ ዓይኗን ሲቆጠቁጣት አወቀችው። ጋሼ «አፍንጫሽ ይባረክ» ብለው ጻፉላት። ምርቃቱን ተቀብላ ወደ ወረንጦዋ ተመለሰች።

ለየቀኑ ሥራ ደግሞ ዘዴ ፈጠረች። ሃያ ያህል የፍራፍሬ ዝንቦች በጠርሙስ አድርጋ፣ አፉን በስስ ሻሽ አስራ ከሺ እግሮቹ ሣጥን አጠገብ አኖረች። እዚያው ለሚረቡት ሸረሪቶች ቀለብ ነው አለች፤ ማንም አልጠየቃት። ዝንብ ትንሽ ስለሆነች ከሰው ቀድማ ትወድቃለች። አላቢዋ በየደቂቃው ጠርሙሱን ታያለች። ዝንቦቹ መንገዳገድ ሲጀምሩ አፍንጫዋን ትሸበሽብና «ጋሼ፣ ኮክ ኮክ አለኝ» ትላለች። ጋሼ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ወረንጧቸውን ጥለው ይወጣሉ፣ እሷም ትከተላለች። በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ወጡ። ሦስቱንም ጊዜ ጋሼ አፍንጫዋን መረቁላት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። የሁለተኛው ፈተና ቀን ደረሰ።

በዋዜማው አላቢዋ ወደ ሌላ ተቋም የሚላኩ ሺ እግሮች ስታሽግ ውላ ነበር። ወጉ በአንድ ሣጥን ሠላሳ፣ ከእርጥብ ቅጠል ጋር፣ ክዳኑ ተበስቶ ነው። ሣጥን አነሰ። አንድ ሌሊት ቢያድሩ ምን ይሆናሉ ብላ አራት መቶውን በአንድ ትልቅ ሣጥን ከተተችና ክዳኑን ተጭና ዘጋችው። አፍንጫ ያለው ሰው ይህን አይሳሳትም። ሃምሳኛዋ ላይ ሲደርስ ሣጥኑ ራሱ በሽታው በቃህ ይለዋል። ለእሷ የነገራት አልነበረም።

በሩም የራሱ ጣጣ ነበረው። የውስጠኛው ክፍል በር በራሱ ተመልሶ የሚዘጋ ነው፤ የውስጥ እጀታው ከላላ ወር አልፎታል። ጠጋኙ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል፣ እነሱ በጡብ ደግፈው ይሠሩ ነበር። ያን ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ፣ ከአላቢዋ በዕድሜ የምታንሰው ዶክተር፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፦ ሙቀት እየባከነ ስለሆነ በሩ ይዘጋ። ጋሼ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይንቁም። ሦስቱን ጠርሙስ ይዘው ሲገቡ ጡቡን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። በሩ ቀስ ብሎ መጥቶ ተዘጋ።

አላቢዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ መሃል ሸጉጣ የጋሼን ክንድ ታያለች። ዛሬስ የትኛውን ያርቁት ይሆን? ጋሼ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሊከፍቱ ሲሉ መብራት ሄደ።

ጨለማው ሳይሆን ዝምታው ነው ያስደነገጣት። አየር የሚያወጣው ማራገቢያ ዓመቱን ሙሉ ሲያጉረመርም የሚሰማው የለም፤ ቀጥ ሲል ግን ጆሮ ያስተውለዋል። ጋሼ የእጅ ባትሪውን ከግድግዳው ላይ ለማውረድ ዞር ሲሉ፣ የወገባቸው ቁልፍ የመደርደሪያውን ጠርዝ መታ። አንድ ትልቅ ነገር ተንሸራትቶ ወረደና ወለሉ ላይ ተከፈተ። ከዚያ ብዙ ትንንሽ እግሮች ሲሚንቶ ላይ ሲሄዱ ተሰማ። ተኳሾቹ ጢንዚዛዎችም ከየሣጥናቸው ጧ! ጧ! ማለት ጀመሩ።

ባትሪው ሲበራ አራት መቶዎቹ ወለሉ ላይ ነበሩ፤ የተጠቀለለው ተጠቅልሎ፣ የሚሄደው በየአቅጣጫው እየሄደ። ጋሼ በግድግዳው ጥግ ተሳበው በሩ ጋ ደረሱና እጀታውን ሳቡ። እጀታው እጃቸው ላይ ቀረ። የወዲያኛው ግማሽ ከነብረቱ ከበሩ ማዶ ቀጭል ብሎ ሲወድቅ ሁለቱም ሰሙት። ጋሼ ቁልፎቻቸውን አንድ በአንድ ዳሰሱ። አርባ አንድ ቁልፍ! በሩ ከውስጥ የቁልፍ ቀዳዳ እንደሌለው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ዳሰሱ። ስልኮቻቸው በደንቡ መሠረት ውጪ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ተጣሩ፣ በሩን ደበደቡ። ምድር ቤት ደግሞ እስከ ሻይ ሰዓት የሚወርድ ሰው የለም።

ጋሼ በዚያው በግድግዳው ጥግ ሲመለሱ አላቢዋ ባትሪውን ተቀበለቻቸውና መጀመሪያ ያበራችው ዝንቦቹ ላይ ነው። ግማሾቹ በጀርባቸው ተንጋለዋል። የቀሩት የጠርሙሱን ግድግዳ ሊወጡ ይሞክራሉ፣ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ጋዙ መኖሩን አወቀች። ምን ያህል እንደሆነ ግን ዝንብ አይናገርም፤ ያን የሚያውቅ አፍንጫ ብቻ ነው። እንግዲህ የጋሼ አፍንጫ አለ ብላ ዞረች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው? በጣም ይሸታል?»

ጋሼ በባትሪው ብርሃን ውስጥ ቆመው ፊቷን ትክ ብለው ያያሉ።

«እኔስ አንቺን እየጠበቅሁ አይደል» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ እንጂ።»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

አንድ ጢንዚዛ ጧ! አለ። ለአላቢዋ ነገሩ ቀስ እያለ ገባት፦ ያ ክንድ የማይሸታቸውን መርዝ ፈርቶ እንደተዘረጋ፣ በየጊዜው አንድ ቃል ሳይጠይቁ ለምን ይወጡ እንደነበር፣ ሁሉም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ስድስት ዓመት» አሉ፣ ወለሉን እያዩ። «መርዙ ነው መሰለኝ፣ ቀስ በቀስ ጨረሰው። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ የማየው ያንቺን ፊት ነው። አፍንጫሽን ስትሸበሽቢ እወጣለሁ።»

እሷም ጣቷን ወደ ጠርሙሱ ቀስራ፣ እኔ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ የማየው እነሱን ነው አለቻቸው። ጋሼ ዝንቦቹን አዩ፣ እሷን አዩ። ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ከጉሮሯቸው ወጣ። ዕውር ዕውርን ቢመራ ተያይዞ ገደል ይላሉ። እነዚህ ሁለቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ነው የተዋወቁት።

ጋሼ ወደ በሩ ጠጋ ለማለት እግራቸውን ሲያነሱ አላቢዋ ክንዳቸውን ያዘች። አይርገጡ አለቻቸው፤ አንዷ በተደፈጠጠች ቁጥር ይብሳል። ራሷን ይወቅራት ጀምሯል፤ ከጋዙ ይሁን ከፍርሃቱ አልለየችም። እናቷ በዚህ ሰዓት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ከፖስተኛው ጋር እየተሳሳቀች ነው። መቶ እርምጃ እንኳ ሳትርቅ! አላቢዋ ጋዎኗን አወለቀች፣ ለሣጥኖቹ ርጥበት ከሚቀመጠው ጀሪካን ውሃ አፈሰሰችበትና በተዘረገፉት ሺ እግሮች ክምር ላይ ቀስ አድርጋ አለበሰችው። ጋሼም የራሳቸውን አውልቀው ሰጧት። ከዚያ ባትሪውን ለጋሼ መልሳ ተንበርክካ፣ መንገዷ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ በወረቀት እየገፋች ወደ በሩ ሄደች። ነፍሷ ጭንቅ ውስጥ ሆና እንኳ እጇ አልፈጠነም፤ ፍጥነት ያስደነግጣቸዋል።

እጀታው የነበረበት ቦታ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቀርቷል። ወረንጦዋን ገጥማ ከተተችው፤ ላላና በባዶው ዞረ። ጋሼ በባትሪው እያበሩ ሳል ያዛቸውና ግድግዳውን ተደገፉ። «ቀጭን ነው» አሉ በቀስታ። እውነታቸውን ነው። አላቢዋ የመርዝ መቀበያ ወረቀቶቿን ከኪሷ አወጣችና ወረንጦው ላይ አጥብቃ ጠቀለለች፤ አምስት፣ ስድስት ዙር። ከተተችው። ያዘ። በሁለት እጇ ጠመዘዘችው፤ ወረንጦው መጣመም ጀመረ። አምላኬ ብላ ደገመችው። በሩ ቀጭ አለ።

ዝንቦቹን በአንድ እጇ፣ ጋሼን በሌላ እጇ ይዛ ወጣችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አሉ። መብራቱ ምን ሆነ ብላ የምትወርደው ዶክተር፣ ገና ደረጃው መሃል ላይ ሳለች ቆመችና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ያዘች። ይህ ሁሉ የኮክ ፍሬ ሽታ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። አላቢዋና ጋሼ ተያዩ። ከደረጃው ድረስ የሚሸት ነገር ነው እንግዲህ!

ዶክተሯ ላይ ፎቅ ቢሮዋ አስገባቻቸው። መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፣ ነርስ አስመጣች፣ ውሃ አጠጣቻቸው። ነርሷ ትንፋሻቸውን አዳምጣ፣ ክፉ ነገር የለም፣ ዛሬ ግን ይረፉ ብላ ሄደች። ከዚያ ዶክተሯ ጋዙን መጀመሪያ ያወቀው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አላቢዋ አፏን ሳትከፍት ጋሼ ቀደሙ።

«እሷ ናት። አፍንጫዋ ነው ያተረፈን» አሉ። ከኪሳቸውም የፈተናውን ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አልፋለች» የሚለው ገና ጠዋት ቤታቸው ተጽፎ፣ ተፈርሞ ነበር።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና ፊቷ ፈታ አለ። በሩ እንዲጠገን ዛሬውኑ አዛለሁ፣ ማስታወቂያውም የእኔ ስህተት ነው አለች። ሰኞ አዲስ ሠራተኛ ትመጣለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ ሥራውን አታውቀውም፣ አንቺ ታሠለጥኛታለሽ አለቻት። ሌላው ቀስ ብሎ ይደረስበታል፤ ለጊዜው የአንቺን አፍንጫ ተከትላ ትሥራ።

አላቢዋ ዝም ማለት ትችል ነበር። ፈተናው ታልፏል፣ ቤቱ ተርፏል፣ እናቷ ነገም ፀሐይ ትሞቃለች። ጋሼ በዓይናቸው ዝም በይ ይሏታል። ግን ያቺን የማታውቃትን ሴት በሐሳቧ አየቻት። ከጎኗ ቆማ፣ ወረንጦ ይዛ፣ በየደቂቃው ፊቷን ቀና ብላ ስታያት። እንደ ጋሼ አምናት።

«ዶክተር፣ እኔ አይሸተኝም» አለች። «ሰባት ወር ሆነኝ።»

ካፍ የወጣ አፋፍ። ዶክተሯ ወረቀቱን አንሥታ እንደገና አነበበችው። ስትናገር አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚያ ክፍል አትገቢም፣ የቤቱን ነገር የሚወስነው አስተዳደር ነው፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም አለቻት። አላቢዋ ራሷን ነቀነቀች። ፈራች፤ ሰባት ወር ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው መጣና ፊቷ ተቀመጠ። ጋሪው ታያት፣ ዊልቸሩ ጋሪው ላይ ተጭኖ። ቢሆንም የተናገረችውን መልሳ መዋጥ አልፈለገችም።

ዶክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ጎን አደረገችና ተነፈሰች። «ደግነቱ የጋሼ አፍንጫ አለልን» አለች። «ሰኞ እሳቸው ያሠለጥኗታል።»

አላቢዋ ወለሉን አየች። ጋሼ ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ነው የቀራቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በስም፣ በክብር ሠርተው፣ አራት ወር። የእሳቸውን እሷ ልትናገርባቸው አልፈለገችም። ሰኞ ድረስ ዝም ካሉ ግን ልትናገር ነው፤ ይህንንም ያን ጊዜ ቁርጥ አደረገች። ቀና ብላ ግን አላየቻቸውም።

የቁልፍ ድምፅ ሰማች። ጋሼ ቀበቷቸውን እየፈቱ ነው። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አላገዛቸውም። ቀለበቱን ከነአርባ አንድ ቁልፉ ከወገባቸው አወጡና፣ እንዳይንሿሿ ይመስል በሁለት እጃቸው ደግፈው በዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«የእኔ ስድስት ዓመት ሆኖታል» አሉ።

ዶክተሯ ቁልፎቹን አየች። ሽማግሌውን አየች፣ አላቢዋን አየች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ እዚያ ክፍል ውስጥ ሲያሸትት የነበረው ማን ነው?»

አላቢዋ እስካሁን ከእጇ ያልለቀቀችውን ጠርሙስ ከቁልፎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። በመስኮቱ ነፋስ ይገባ ነበር። ከዝንቦቹ አብዛኞቹ እንደተንጋለሉ ናቸው፤ አንዷ ግን ተገልብጣ በእግሯ ቆማለች። ሁለት የፊት እግሮቿን ታፋትጋለች። ሦስቱም ሰዎች ጎንበስ ብለው፣ ሁለተኛዋ ትነሣ እንደሆነ ሳይነጋገሩ ይጠብቁ ጀመር።